ከጎንደር ተነስቶ ለአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ሆስፒታል መምረጥ፦ ከምርመራ ወረቀት እስከ መልስ ጉዞ

ሐኪም «የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል» ባለ ማግስት ቤተሰብ የሚይዘው ጥያቄ «የት አገር? ስንት ብር?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው፤ ጊዜያቸው ግን ገና ነው። ንቅለ ተከላው ራሱ ሲታይ ደም ከመውሰድ ብዙም አይለይም። በከረጢት የመጣው ሕዋስ በደም ሥር ይገባል፣ በጥቂት ሰዓት ያልቃል። የሚከብደው ከዚያ ቀጥሎ ያለው 100 ቀን ነው፤ ነባሩ መቅኔ በኬሞ ጠፍቶ፣ አዲሱ ገና ሥር ሳይሰድ፣ ሰውነት ያለ መከላከያ የሚቆይበት ጊዜ። ስለዚህ ሆስፒታል ሲመዘን ዋናው ነገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ታካሚው ሲንቀጠቀጥ ማን ይመጣል፣ ምን ይሰጣል፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርስ ቅደም ተከተል ነው።

1. ምርመራው ያለቀ መሆኑን ያረጋግጡ

ሦስቱም የደም ሕዋሳት ወርደው ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሁሉ የመቅኔ በሽተኛ አይደለም። በጎንደር አካባቢ በተለይ ይህን መልክ የሚያመጣ የታወቀ በሽታ አለ፤ ካላዛር። ለሰሊጥ አጨዳም ሆነ ለአረም መተማ፣ ሁመራ ወይም ሌላ ቆላ ወርዶ የነበረ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ መናገር አለበት፤ ከወራት በፊት ቢሆንም እንኳ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ስላለ አርኬ39 የተባለውን ፈጣን የደም ምርመራና አስፈላጊ ሲሆን የመቅኔ ወይም የጣፊያ ናሙና ምርመራ እዚሁ ማሠራት ይቻላል። ከካላዛር ሌላ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪና የተሠራጨ ቲቢም ደምን እንዲህ ሊያወርዱ ይችላሉ። ካላዛርን በዓመት አንዴ እንኳ የማያይ የውጭ አገር ሐኪም ይህን ጥያቄ ላያነሳ ይችላል። እዚህ መዘጋት ያለበት በር እዚሁ ይዘጋ።

ምርመራው ከተረጋገጠ በኋላም ንቅለ ተከላ መቼ እንደሚመጣ በበሽታው ይወሰናል።

ሥር የሰደደው የማይሎይድ ደም ካንሰር፣ ሲኤምኤል የሚባለው፣ በመጀመሪያ የሚታከመው እንደ ኢማቲኒብ ባሉ በየቀኑ በሚዋጡ ክኒኖች ነው። ንቅለ ተከላ የሚታሰበው ክኒኖቹ ካልሠሩ ወይም በሽታው ወደ አጣዳፊነት ከተለወጠ ነው። ለዚህ በሽታ ቤት ሸጦ ሕንድ መሄድ ክኒኑን አስተካክሎ ከመዋጥ ሊቀድም አይገባም።

አጣዳፊው የደም ካንሰር በተቃራኒው ጊዜ አይሰጥም። መጀመሪያ በኬሞ በሽታው ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ሐኪሞች ሪሚሽን የሚሉት ነው። በሽታው በንቃት እያለ ንቅለ ተከላ ከተደረገ ብዙ ጊዜ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ሪሚሽኑ የሚቆየው ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ሊሆን ስለሚችል፣ የሆስፒታል ፍለጋው የሚጀመረው ከመጀመሪያው የኬሞ ዙር ጋር እኩል ነው። ሪሚሽን እስኪመጣ ተጠብቆ ወረቀት ከተጀመረ መስኮቱ ይዘጋል።

መቅኔው ደም ማምረት ያቆመበት፣ አፕላስቲክ አኒሚያ የሚባለው ከባድ በሽታ፣ ዕድሜው ከ40 በታች ለሆነና ሙሉ ተዛማጅ (የሕዋሱ ዓይነት ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው) ወንድም ወይም እኅት ላለው ሰው ንቅለ ተከላው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ወይም ተዛማጅ ለሌለው ኤቲጂና ሳይክሎስፖሪን ከተባሉ፣ የሰውነትን መከላከያ ከሚያረግቡ መድኃኒቶች ይጀመራል። መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር ደግሞ ከጥቂት ወራት መድኃኒት በኋላ በራሱ በታካሚው ሕዋስ ይታከማል።

2. የትኛው ዓይነት ንቅለ ተከላ እንደሆነ ይለዩ

ይህን ሳይለዩ ዋጋ መጠየቅ «መኪና ስንት ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ዓይነቶቹ ሦስት ናቸው ብለን እንያዝ። በራስ ሕዋስ የሚደረገው ኦቶሎገስ ይባላል፤ የሚሰጥ ሰው አያስፈልገውም፣ ከሌሎቹ ርካሽና አደጋውም ያነሰ ነው። ከሙሉ ተዛማጅ ሰው የሚወሰደው አሎጄኒክ ነው። ከግማሽ ተዛማጅ የሚወሰደው ሃፕሎ ይባላል፤ ይህኛው ከፍተኛ ልምድ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

በኦቶሎገስ ውስጥም አንድ የማይነገር ልዩነት አለ። ለማይሎማ የሚሰጠው መልፋላን የተባለ ኬሞ ባጭር ጊዜ ስለሚያልቅ የተሰበሰበው ሕዋስ በረዶ ሳይሆን፣ በተራ የደም ባንክ ፍሪጅ ለሁለትና ሦስት ቀን ተቀምጦ ሊመለስ ይችላል። ለሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) የሚሰጠው ቢም የሚባለው ኬሞ ግን ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ሕዋሱ እስከዚያ ሊቆይ የሚገባው በጣም በዝቅተኛ ሙቀት ቀዝቅዞ ነው። የሊምፎማ ታካሚ ለሆስፒታሉ «ሕዋስ የምታቀዘቅዙት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። «ሌላ ከተማ እንልካለን» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቦታ ማየት ይሻላል።

3. ወንድምና እኅትን አስመርምሩ

ተዛማጅነት የሚታየው በደም ዓይነት አይደለም፤ ኤችኤልኤ በሚባል ምርመራ ነው። ኤ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ኦ ፖዘቲቭ ለሆነ እኅቱ ሊሰጥ ይችላል፤ ኤችኤልኤው እስከገጠመ ድረስ። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እኅት ሙሉ ተዛማጅ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ቢያንስ አንድ ተዛማጅ የማግኘት ዕድል በቁጥር ሲታይ፦

አንድ ወንድም ወይም እኅት ላለው 25 በመቶ
ሁለት ላለው 44 በመቶ
ሦስት ላለው 58 በመቶ
አራት ላለው 68 በመቶ
አምስት ላለው 76 በመቶ

ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የገጠሩ ቤት ሙሉ ቤተሰብ ሀብት የሚሆንበት ቦታ ነው። በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። አባት፣ እናትና ልጅ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ተዛማጅ ናቸው፤ ስለዚህ ሃፕሎ ከመጣ የሚታሰቡት እነሱ ናቸው። አክስትና አጎት ዘንድ የሚደረስበት አጋጣሚ ይኖራል፣ የመጨረሻው ግን ነው።

በምርመራው ወረቀት ላይ «ሃይ ሬዞሉሽን» የሚል ይጻፍ። ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚሠራው ዝቅተኛው ምርመራ ርካሽ ቢሆንም ሆስፒታሉ አይቀበለውም፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ናሙናው የጉንጭ ውስጥ ጥራጊ ወይም ወይንጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀዳ ደም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሆስፒታሎች የጉንጭ ጥራጊውን በፖስታ ስለሚቀበሉ ስድስት ሰው ይዞ መጓዝ አያስፈልግም። ታካሚው ግን ብዙ ደም በቅርቡ ከወሰደ ወይም ነጭ ሕዋሱ በጣም ከወረደ ደሙ ላይ የሚሠራው ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል ለእርሱ የጉንጭ ናሙና ይመረጣል። አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፤ ይህ ምርመራ የሥጋ ዝምድናንም ያሳያል። ውጤቱ ለማን እንደሚነገር ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መስማማት ቤት ከማፍረስ ያድናል።

ለጋሹ «መቅኔ ሲወሰድብኝ ሽባ እሆናለሁ» ብሎ የሚፈራ ከሆነ ፍርሃቱ ከንቱ መሆኑን ያስረዱት። የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ነው፣ ከጀርባ አከርካሪ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ መርፌ እንኳ አጥንት አይነካም፤ ለአራትና አምስት ቀን ሕዋስ የሚያነቃ መርፌ ከቆዳው ሥር ተወግቶ ሕዋሱ ከክንድ ደም ሥር በማሽን ይጣራል። የሚሰማው የአጥንት ቁርጥማትና የራስ ምታት ነው። ለአፕላስቲክ አኒሚያ ግን ከዳሌ የተወሰደ መቅኔ ይመረጣል፤ ለጋሹ ሕዋስ ታካሚውን የሚያጠቃበት ችግር፣ ጂቪኤችዲ የሚባለው፣ ከእርሱ ጋር ያነሰ ስለሆነ። ሆስፒታሉ ለአፕላስቲክ አኒሚያ በደም ሥር ብቻ እንሰበስባለን ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

4. እስኪሄዱ ድረስ ደሙን ይጠብቁ

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ በቅንነት ይሳሳታል። ታካሚው ደም ሲያስፈልገው የሚቀርብ ሰው «የእኔን ስጡት» ይላል። በደም ባንክ ለምትክ መለገስ ጥሩ ነው፤ የወንድምን ወይም የእናትን ደም በቀጥታ ለታካሚው መስጠት ግን ጎጂ ነው። ሰውነቱ የእነሱን ሕዋስ ከአሁኑ ያውቅና ቆይቶ መቅኔያቸውን ይገፋዋል፤ በተለይ በአፕላስቲክ አኒሚያ። ደም የሚሰጠውም በቁጥር ተመዝኖ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ነጭ ሕዋስ የተጣራለትና በጨረር የታከመ ደም ካለ ይመረጣል፤ ሐኪሙን ይጠይቁ።

5. ፋይሉን አንድ ላይ ይሰብስቡ

ሆስፒታሎች መልስ የሚሰጡት በተሟላ ፋይል ላይ ነው። ጎደሎ ፋይል የሚመጣለት «ይምጡና እናያለን» የሚል መልስ ነው፤ ያ ደግሞ ዋጋ አይደለም፣ ግብዣ ነው። የሚያስፈልገው፦ የሐኪሙ ጠቅለል ያለ ሪፖርት፣ የመቅኔ ምርመራ ውጤት፣ የፍሎው ሳይቶሜትሪና የዘረመል ውጤት ካለ፣ የመጨረሻው የሲቲ ወይም የልብ አልትራሳውንድ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ እና የኤችአይቪ ውጤት፣ የቲቢ ታሪክ፣ የተሰጠ ኬሞ ስምና መጠን፣ እስካሁን የተሰጠ የደም ከረጢት ብዛት፣ ክብደትና ቁመት። የፓቶሎጂ ስላይዱንና ብሎኩን ከላቦራቶሪው ተውሰው ይያዙ፤ እዚያ እንደገና ያዩታል። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ለጥያቄ ይበቃል፤ ለውሳኔ ግን በስካነር የተሠራ ፒዲኤፍ ይላኩ።

ሁለት ጥፋት በተደጋጋሚ ይታያል። አንዱ ቀን ነው። ሪፖርቱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት የውጭ ሐኪሙን ኬሞው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተሰጠ ያስመስለዋል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሪፖርቱ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍልዎት። ሁለተኛው ስም ነው። በካርድ ላይ፣ በላቦራቶሪ ወረቀትና በፓስፖርት ላይ አንድ ስም በሦስት የተለያየ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ይገኛል። የፓስፖርቱ ይያዝና ሌሎቹ በእርሱ ይስተካከሉ።

6. ሆስፒታሉን በጥያቄ ይፈትኑ

ቢያንስ ለሦስት ሆስፒታል ተመሳሳይ ፋይል በአንድ ቀን ይላኩ። ከኢትዮጵያ ሰዎች አብዝተው የሚሄዱበት ሕንድ ነው። በሙምባይ የሚገኘው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል በሕንድ የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ በ1983 እ.ኤ.አ. አድርጓል፤ በቬሎር ያለው ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅም ከ1986 ጀምሮ ይሠራል። እንዲህ ያሉ ነባር የሕዝብና የበጎ አድራጎት ሆስፒታሎች ልምዳቸው ትልቅ ነው፤ ወረፋቸውም ግን ሊረዝም ይችላል። የግሎቹ ቶሎ ይቀበላሉ። ቱርክና ታይላንድም ሌሎች አማራጮች ናቸው። በአገር ውስጥ ስላለው ወቅታዊ ሁኔታ ደግሞ የጥቁር አንበሳ የደም ሕክምና ክፍልን መጠየቅ ነው።

ጥያቄዎቹን ለንቅለ ተከላው ቡድን እንጂ ለገበያ ክፍሉ ሠራተኛ አያቅርቡ። «ሐኪሙን በቪዲዮ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ይበሉ። ሐኪሙን ማግኘት ካልቻሉ እርሱም መልስ ነው።

ባለፈው ዓመት ስንት ንቅለ ተከላ ሠሩ? ከዚያ ውስጥ የእኛ ዓይነቱ ስንት ነው? ለዚህ በሽታ ስንት ነው? በ500 የኦቶሎገስ ልምድ ሃፕሎ አይሠራም። ፋክት እና ጃሲ የሚባሉት የዕውቅና መስፈርቶች ለአዋቂ አሎጄኒክ በዓመት ቢያንስ 10 አዲስ ታካሚ ይጠይቃሉ፤ ይህ ታችኛው ወለል ነው፣ ጥሩ ማለት አይደለም። ጄሲአይ እና ናብኤች የሚባሉት የሆስፒታል ዕውቅናዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ የሚመዝኑት አጠቃላይ ሆስፒታሉን ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጄሲአይ ሰርተፍኬት ስለ መቅኔ ክፍሉ ምንም አይናገርም።

ከ100 ታካሚ ስንቱ 100ኛውን ቀን በሕይወት አለፈ? ስንቱ አንድ ዓመት ደረሰ? ከእነዚህ ውስጥ እንደ እኛ ያለ ዕድሜና በሽታ ያለው ስንት ነው? እውነተኛ ቡድን ቁጥሩን ይናገራል፣ መጥፎውንም ጭምር። «100 በመቶ እንሳካለን» የሚል ቡድን ወይ አይቆጥርም ወይ ይዋሻል።

ማዕከላዊ መስመር፣ ማለትም አንገት ላይ የሚገባው ቱቦ፣ ትኩሳት ሲያመጣ ምን ዓይነት ባክቴሪያ ነው የሚበዛባችሁ? ይህን ጥያቄ ሲሰሙ የሚደነቁ ይኖራሉ። በሕንድ ብዙ ሆስፒታሎች ካርባፔነም የሚባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙ ጀርሞች ትልቅ ችግር ናቸው፤ በነጭ ሕዋስ ዜሮ ላይ ያለ ሰው በእነዚህ ጀርሞች በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። «ታካሚ ሲገባ በፊንጢጣ ናሙና እናጣራለን፣ ተሸካሚ ከሆነ ለይተን እናስተኛለን፣ የጀርም ክፍላችን በየወሩ ሪፖርት ያወጣል» የሚል መልስ የሥራ መልስ ነው።

ከመሣሪያ ወገን መታየት ያለባቸው ጥቂት ናቸው፦ አየር በሄፓ ማጣሪያ የሚገባባቸው የተለዩ ክፍሎች፣ በግቢው ውስጥ ያለ 24 ሰዓት ደም ባንክ ከፕላትሌት ማጣሪያ ማሽንና ከጨረር ማከሚያ ጋር፣ ዳያሊሲስ ያለው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል)፣ ሲኤምቪ የተባለውን ቫይረስ በየሳምንቱ በፒሲአር የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ የሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ መጠንን በዚያው ቀን የሚያሳውቅ ምርመራ። የመጨረሻው እዚህ ላይ ቀላል ይመስላል። መጠኑ ከወረደ ጂቪኤችዲ ይነሣል፣ ከወጣ ኩላሊት ይመታል፤ ውጤቱ ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ ከሆነ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በግምት ነው።

ለልጅ ከሆነ የሕፃናት ቡድን መሆኑን ይጠይቁ። ያልወለደ ወጣት ከሆነ ደግሞ ኬሞው መውለድን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ዘር ወይም እንቁላል ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ አለ ካሉ ማታ ማታም አለ ወይ ብለው ያክሉበት፤ ሌሊት የሚታመምን ሰው ቀን የሚሠራ አስተርጓሚ አያድነውም።

በመጨረሻ ደላላ። ብዙዎቹ አገናኞች ከሆስፒታሉ ኮሚሽን ያገኛሉ። ይህ ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ቪዛና ማረፊያ በማገዝ ጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አንድ ሆስፒታል ብቻ የሚያመጣልዎት አገናኝ ለእርስዎ አልመረጠም። ያው ሆስፒታል ያለ ደላላ ስንት እንደሚል ራስዎ በኢሜል ይጠይቁና ያነጻጽሩ።

7. ፕሮፎርማውን (የሆስፒታሉን የዋጋ ወረቀት) እንዴት ያነቡታል

«የንቅለ ተከላ ፓኬጅ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይደብቃል። ከመስማማትዎ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ያስመልሱ፦ ፓኬጁ የስንት ቀን አልጋ ይዟል? ከዚያ በላይ የሚቆየው በቀን ስንት ነው? ለአሎጄኒክ ከ3 እስከ 5 ሳምንት መተኛት የተለመደ ስለሆነ የ21 ቀን ፓኬጅ ላይበቃ ይችላል። የለጋሹ ምርመራና የሕዋስ አሰባሰቡ ውስጥ ነው? የተሰበሰበው ሕዋስ ካነሰ ሁለተኛው ቀን ይከፈላል? በታካሚው ኪሎ ክብደት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሲዲ 34 ሕዋስ (አዲሱን መቅኔ የሚተክለው ሕዋስ) ካልተገኘ መልሶ መሰብሰብ ይመጣል፤ ለአሎጄኒክ የሚፈለገው ከዚህም ይበልጣል። የፈንገስ መድኃኒት፣ የሲኤምቪ መድኃኒት፣ ፕላትሌት፣ አይሲዩ ውስጥ ናቸው ወይስ ለየብቻ? ዋጋው የሚያልቀው ከሆስፒታል ሲወጣ ነው ወይስ እስከ 100ኛው ቀን?

ከሁሉ በላይ ሒሳብ የሚያናጋው የመጨረሻው ነው። ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተመረመረ ከሆስፒታሉ አጠገብ ይቆያል። ለአሎጄኒክ ይህ እስከ 100ኛው ቀን ይሄዳል፤ ኪራይ፣ ምግብ፣ ታክሲ፣ ደም ምርመራ፣ መድኃኒት። ፕሮፎርማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ቢያንስ ሲሶ ያህል ለመጠባበቂያ መያዝ አለበት የሚል አቋም አለን፤ ይህ ካልተሟላ ኬሞው መጀመር የለበትም። መቅኔ ከጠፋ በኋላ ገንዘብ ማለቅ ማለት መመለሻ በሌለበት መካከል መቆም ነው።

ዋጋው በዶላር ነው፣ የሚሰበስቡት ግን ብር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በአንድ ወር ውስጥ የሚያስፈልገው ብር ሊለወጥ ይችላል። ለዕርዳታ ጥሪ ሲወጣ ቁጥሩን በዶላር አስቀምጡ። ባንክ ለውጭ ምንዛሪ በተለምዶ የሚጠይቀው የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔና የሆስፒታሉን ፕሮፎርማ ነው፤ የቦርዱን ወረቀት በጎንደር ሆስፒታል በጊዜ ያስጀምሩ፣ ባንክዎም ምን እንደሚፈልግ ቀድመው በቃል ሳይሆን በዝርዝር ያጽፉ።

8. ጉዞው፣ ወረቀቱና የቢጫ ወባ ወጥመድ

የሚሄዱት ቢያንስ ሦስት ናቸው፦ ታካሚ፣ ለጋሽና አስታማሚ። የሕንድ የሕክምና ቪዛ ሁለት አስታማሚ ይፈቅዳል፤ ለጋሹ እንዴት እንደሚቆጠር ኤምባሲውን አስቀድመው ይጠይቁ። የሦስቱም ፓስፖርት በአንድ ጊዜ ይጀመር። እናት ለጋሽ ከሆነች የኢትዮጵያ ስም ችግር ያመጣል፤ ልጁ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስለሆነ ፓስፖርታቸው ላይ የጋራ ስም የለም። የውጭ አገር ሰው ይህን አያውቅም። የልደት የምስክር ወረቀትና ከቀበሌ የወጣ የቤተሰብ ማረጋገጫ ተተርጉሞ ሕጋዊ ማኅተም ይደረግበት።

ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ወጥመዱ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ መሆኑ ነው፤ መከላከያው በወደቀ ታካሚ ላይ በሽታ ሊያስነሣ ይችላል። ታካሚው ሳይማከር ይህን ክትባት አይውሰድ። ሐኪሙ ለምን መከተብ እንደማይችል የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ኤምባሲውና ሆስፒታሉ አስቀድመው ይጠየቃሉ፤ ካርድ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ስለሚችል ይህን በመጨረሻው ቀን አየር ማረፊያ ላይ ማወቅ አይገባም። አስታማሚው ይከተብ። ለጋሹም ይከተብ፤ ግን ከልገሳው ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ።

ጉዞው ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን ፕላትሌቱ የወረደ ሰው መንገዱን አይሞክር። ሄሞግሎቢን ከ8 በታች ከሆነ ከበረራ በፊት ደም መውሰድ ያስፈልግ ይሆናል፤ አየር መንገዱም የሐኪም ፈቃድ ፎርም ስለሚጠይቅ ከአንድ ሳምንት በፊት ይሙሉት።

ማረፊያ ሲከራዩ ኩሽና ያለው ይሁን። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ፣ ጠላ ለወራት ክልክል ናቸው። ከጎንደር የሚጫነው በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም፣ በደንብ እስከበሰለ ድረስ። ሚጥሚጣን በበሰለ ምግብ ላይ እንደ ልብ መነስነስ ግን የፈንገስ ዘር መነስነስ ነው። ጾም ለታካሚውም ለለጋሹም ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ የሚያልቅ ጉዳይ ይሁን። ሌላ ግራ የሚያጋባው ሰዓት ነው፤ በዚያ አገር 8 ሰዓት ጠዋት ሲሉ እኛ 2 ሰዓት ነው የምንለው። በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ክኒን በዚህ ምክንያት ስድስት ሰዓት ይዛባል፤ ሣጥኑ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉበት።

9. መመለሻውን ሳያዩ አይክፈሉ

ከአማራጮቹ መካከል የመጨረሻውን የሚለየው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጎንደር ከተመለስን በኋላ ማን ይከታተለናል?» ከእነሱ ጋር በቪዲዮ የሚቀጠር ሐኪም፣ በዋትሳፕ የደም ውጤት የሚያይ ነርስ፣ ለሦስት ወር የሚሆን መድኃኒት ከመውጣት በፊት የሚያቀርብ ሆስፒታል ይመረጣል። የጎንደር ሐኪምዎ ከሄዱበት ሆስፒታል ጋር ከጉዞ በፊት ቢተዋወቁ ይሻላል፤ ስልክ ቁጥር ይለዋወጡ።

ከመውጣትዎ በፊት የሚያስፈልጉ ወረቀቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ሙሉ የመውጫ ሪፖርት። ሁለተኛ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ቢበልጥ የትኛው አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ውስጥ እንደሚጀመር የሚል አንድ ገጽ፤ ይህ ወረቀት በቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር፤ ለድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ገና በር ላይ የሚሰጥ ነው። ሦስተኛ፣ የደም ዓይነት ደብዳቤ። ለጋሹ የተለየ የደም ዓይነት ካለው የታካሚው የደም ዓይነት ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ በድሮ ካርድ ላይ ያለውን አይተው ደም ቢሰጡት ሊገድለው ይችላል። ደብዳቤው ለቀይ ደምና ለፕላዝማ የትኛው ዓይነት እንደሚሰጥ፣ ደሙም በጨረር የታከመ እንዲሆን ይገልጻል፤ እንዲህ ያለ ደም በጎንደር ማግኘት ይቻል እንደሆነም ከመሄድዎ በፊት ደም ባንኩን ይጠይቁ። አራተኛ፣ የክትባት መርሐ ግብር፤ የልጅነት ክትባቱ ስለሚጠፋ ካለፉ ስድስት ወራት በኋላ እንደገና ይጀመራል፤ የኩፍኝና ሌሎች ሕያው ክትባቶች ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያሉ።

ቤት ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቡና ሲፈላ ጉዝጓዝ አይጎዝጎዝ፤ እርጥቡ ሣር ሲዳሰስ ሳንባ የሚገባ ሻጋታ ያነሣል። ለጥምቀት በፋሲል መዋኛ የሚረጨውም ያልተፈላ ውኃ ስለሆነ ያን ዓመት ከርቀት ማየት ነው። ጠበል ለሚፈልግ ሰው ፈልቶ የቀዘቀዘ እንዲሆን ቢያስደርጉ ከአባቶች ጋር የሚያጣላ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ።